ነጭ አቡጀዲ

ልጅ ሳለሁ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ዋግ ውስጥ ባለችው ከተማችን ሰቆጣ መኪና መጣ። የጤና ትምህርት የሚሰጡ ሰዎች ናቸው፤ ስለ ኤች አይ ቪ የሚያስተምር ፊልም ይዘዋል። ሜዳው ላይ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ተክለው ነጭ አቡጀዲ ወጠሩ፣ ጄኔሬተሩን አስነሡ፣ ሕዝቡም ለጥምቀት እንደሚወጣው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ካህኑ ከነጥምጣሙ፣ ነጋዴው ከነአህያው፣ እናት ልጇን እንዳዘለች። ፊት ለፊት ያለው ቦታ በወንዶችና በትልልቅ ሰዎች ሞላ። እኛ ሴቶቹ ልጆች ዞረን ከአቡጀዲው ጀርባ ተቀመጥን። ከዚያ በኩልም ፊልሙ ይታያል፤ ብርሃኑ ጨርቁን ያልፋል። ሁሉም ነገር ግን የተገለበጠ ነው። ሰዉ በግራ እጁ ይጎርሳል፣ በግራው ያማትባል፣ ፊደሉ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል።

ከፊልሙ የማስታውሰው ጥቂት ነው። ከጀርባ መቀመጣችንን ግን አልረሳሁትም።

በከተማው ቪዲዮ ቤትም ነበር። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ላይ ብርሃን እንዳይገባ ብርድ ልብስ የተጋረደበት። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ሴት ልጅ አትገባም። የሚከለክል ጽሑፍ አልተለጠፈም፤ ሆኖም የሚሳሳት አልነበረም። ወንድሞቼ የህንድ ፊልም አይተው ሲመጡ ማታ እሳት ዳር ይተርኩልናል። ቤት የምንናገረው ኽምጣና ነው፤ ትምህርት ቤት አማርኛ፤ ፊልሙ ህንድኛ። ሦስቱን የሚያገናኝ ትርጉም የለም። ይሁንና ልጁ ከእናቱ ሲለይ ቪዲዮ ቤቱ ሙሉ እንደሚያለቅስ ወንድሜ አፍሮ ነግሮኛል። እኔም አንድ ቀን በጎኑ ባለው የቆርቆሮ ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ። የታየኝ ስክሪኑ አልነበረም። የሰዎች ፊት ነው፣ በብርሃን የራሰ፣ አፉን የከፈተ። የሰፈራችን ኃይለኛ ወንዶች እንደዚያ ፊታቸው ሲፈታ ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም።

አያቴ ነገሩን በሙሉ የሰይጣን ሥራ ትለው ነበር። ይህን ያለችው እሷ ብቻ እንዳልሆነች የገባኝ አድጌ አዲስ አበባ ስገባ ነው። ከቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ ያለው፣ ከከተማዋ የመጀመሪያ ሲኒማ ቤቶች አንዱ የሆነው ሕንፃ፣ ሕዝቡ ያወጣለት ስም «ሰይጣን ቤት» ነው። በጨለማ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ላይ ሰው ሲንቀሳቀስ ያየው ያገራችን ሰው ሌላ ስም አላገኘለትም። ዛሬ በዚያ ስም የሚፈራ የለም፤ ቀጠሮ መያዣ ሆኗል።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ዛሬ «የሰይጣን» ስለሚባል ሌላ ፊልም ለመጻፍ ነው። ወንድ ወንድን፣ ሴት ሴትን ስለሚያፈቅሩበት፣ ወይም ሰው ከተሰጠው ፆታ ጋር ስላልተስማማበት ሕይወት የሚሠሩ ፊልሞችና ሰዎች ተሰብስበው የሚያዩባቸው ማሳያዎች አሉ። በዓለም «ኩዊር ሲኒማ» ይባላል። ኩዊር በእንግሊዝኛ «እንግዳ፣ ወጣ ያለ» ማለት ነው፤ ለረጅም ዘመን ስድብ ነበር፤ የተሰደቡት ራሳቸው አንሥተው ስማቸው አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1992 ሩቢ ሪች የተባለች አሜሪካዊት ሐያሲ «አዲሱ የኩዊር ሲኒማ» ብላ ከጻፈች ወዲህ ቃሉ በፊልም ትምህርት ቤቶችም ገባ። በእኛ አገር ያሉት ደግሞ እርስ በርስ የሚጠሩበትን ቃል ከስድብ አልወሰዱም። ከመንግሥት አዋጅና ከመታወቂያ ወረቀት ወሰዱት፤ «ዜጋ» ይባባላሉ። ይህን ቃል መጀመሪያ ስሰማ ደነገጥኩ። እንዲህ ያለ ትሑት ጥያቄ በአንድ ቃል ተጠይቆ አላየሁም።

ሰቆጣ ውስጥ እንዲህ ያለ ማሳያ የለም። በዋግም፣ በባሕር ዳርም፣ በአዲስ አበባም በአደባባይ የሚታይ የለም። ለምን እንደሌለ ኋላ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ወደ ጎረቤታችን ልሂድ።

እ.ኤ.አ. መስከረም 21 ቀን 2018፣ በእኛ መስከረም 11 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ናይሮቢ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ውስጥ ዳኛ ዊልፍሪዳ ኦክዋኒ «ራፊኪ» በተባለው፣ ሁለት ልጃገረዶች በሚዋደዱበት ፊልም ላይ የተጣለውን እገዳ ለ7 ቀን አነሡ። ዳይሬክተሯ ዋኑሪ ካሂዩ ናት። ፊልሙ በዚያው ዓመት ግንቦት በካን ፊልም ፌስቲቫል ሲቀርብ በዚያ ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኬንያ ፊልም ሆኗል። በገዛ አገሩ ግን የኬንያ ፊልም ምደባ ቦርድ ሚያዝያ ላይ አግዶት ነበር። የቦርዱ ዋና ቅሬታ አጨራረሱ ነው። ፊልሙ ተስፋ እየሰጠ ያልቃል፤ ይህ እንዲቀየር ተጠየቀ፤ ካሂዩ እምቢ አለች። ልጆቹ መጨረሻ ላይ ቢጸጸቱ ወይም ቢሞቱ ኖሮ ያልፍ ይሆናል ማለት ነው። ይህንን ነገር ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ከአንድ ታሪክ ውስጥ ፍቅሩን ችሎ ተስፋውን የማይችል ሳንሱር ምን እንደሚፈራ በደንብ ያውቃል።

ሰባት ቀን የተባለበት ምክንያት አለው። አንድ ፊልም ለኦስካር የውጭ ቋንቋ ዘርፍ በአገሩ እንዲታጭ፣ በዚያው አገር ሲኒማ ቤት ሰባት ተከታታይ ቀን መታየት ነበረበት፤ ቀነ ገደቡም እ.ኤ.አ. መስከረም ማለቂያ ነበር። ዳኛዋ በውሳኔያቸው የኬንያ ኅብረተሰብ ይህን ፊልም በማየት የሥነ ምግባሩ መሠረት የሚናጋ ደካማ ነው ብለው እንደማያምኑ ገለጹ፤ ለአዋቂዎች ብቻ እንዲታይም አዘዙ። ከእሑድ እስከ ቅዳሜ ታየ። ናይሮቢ ውስጥ ትኬቱ አልቆ ማሳያ ተጨመረ፣ ተጨምሮም አለቀ። በዚያ ሳምንት እኛ ጋ ረቡዕ ደመራ ነበር፣ ሐሙስ መስቀል። እኔ በችቦው ዙሪያ ስዞር፣ ከድንበር ማዶ ሰው ተሰልፎ ሁለት ልጃገረዶች ሲዋደዱ ሊያይ ይገባ ነበር። ሳምንቱ ሲያልቅ እገዳው ተመለሰ። ለኦስካሩም ኬንያ የላከችው «ሱፓ ሞዶ» የተባለውን ሌላ ፊልም ነው።

የራፊኪ ታሪክ ቀላል ነው። ኬና ኳስ ትጫወታለች፣ ከወንዶቹ ጋር ትውላለች፤ ዚኪ ጸጉሯን በቀለም ትሠራለች፣ ከጓደኞቿ ጋር ትጨፍራለች። አባቶቻቸው በምርጫ የሚፎካከሩ ፖለቲከኞች ናቸው። መነሻው ኡጋንዳዊቷ ሞኒካ አራክ ደ ኒዬኮ የጻፈችውና እ.ኤ.አ. በ2007 የኬን ሽልማት ያገኘው «ጃምቡላ ዛፍ» የተሰኘ አጭር ልቦለድ ነው። ራፊኪ በስዋሂሊ «ጓደኛ» ማለት ነው። ካሂዩ ስሙን የመረጠችበትን ምክንያት ተናግራለች፤ እንደነሱ ያሉ ጥንዶች ፍቅረኛቸውን ለሰው ሲያስተዋውቁ «ራፊኪ» ከማለት ሌላ የሚሉት የላቸውም። አማርኛም ይህን ያደርጋል። «ጓደኛዬ ናት» ስንል ስንቱን እንሸፍናለን።

ማሳያ እንዴት እንደሚጀመር ስጠይቅ ሁልጊዜ ወደ ጨርቅ እመለሳለሁ። በዓለም ላይ ረጅም ዕድሜ ያስቆጠረው የኩዊር ፊልም ፌስቲቫል፣ ዛሬ ፍሬምላይን የሚባለው፣ የጀመረው እ.ኤ.አ. የካቲት 1977 በሳን ፍራንሲስኮ አንድ የማኅበረሰብ ማዕከል ውስጥ ነው። ጥቂት ሰዎች በሱፐር 8 የእጅ ካሜራ ራሳቸው የቀረጿቸውን አጫጭር ፊልሞች ይዘው መጡ፤ ስክሪን አልነበረም፤ ግድግዳ ላይ አንሶላ ሰቀሉ። መግቢያው ነጻ ነበር። ይህን ሳነብ ሜዳችን ላይ የተወጠረው አቡጀዲ ትዝ አለኝ። ሰው አንድ ነገር አብሮ ማየት ሲያምረው የሚያስፈልገው ነጭ ነገርና ብርሃን ነው።

በአህጉራችን ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ቀደመች። አፓርታይድ በምርጫ ባበቃበት እ.ኤ.አ. በ1994 «አውት ኢን አፍሪካ» የተባለው ፌስቲቫል በኬፕ ታውንና በጆሃንስበርግ ተከፈተ። ከሁለት ዓመት በኋላ የጸደቀው ሕገ መንግሥት በፍቅር ዝንባሌ ምክንያት አድልዎ እንዳይደረግ በግልጽ የሚከለክል ነው፤ በሕገ መንግሥት ይህን በመከልከል ደቡብ አፍሪካ በዓለም የመጀመሪያዋ አገር ናት። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2017 «ኢንክሴባ» ሲወጣ ነገሩ ቀላል አልሆነም። «ቁስል» ማለት ነው። የኾሳ ወጣቶች ተራራ ላይ ወጥተው በሚገረዙበትና ወንድ በሚባሉበት ሥርዓት ውስጥ ስላለ ድብቅ ፍቅር የሚናገር ፊልም ነው። የፊልም ደረጃ ይግባኝ ሰሚው አካል ከወሲብ ፊልሞች ጋር በአንድ መደብ ስላስቀመጠው ከመደበኛ ሲኒማ ቤቶች ወጣ፤ ፍርድ ቤት ያን ውሳኔ እስኪሽረው ወራት ፈጀ።

በካምፓላ ግን ሌላ ነው፤ እዚያ ማሳያ ማዘጋጀት የእግር መንገድ እንደማወቅ ያለ ዕውቀት ይጠይቃል። የኩዊር ካምፓላ ዓለም አቀፍ ፊልም ፌስቲቫል ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2016 ነው። የማሳያው ቦታ በአዋጅ አይነገርም ነበር። የሚመጣው ሰው አስቀድሞ ይመዘገባል፣ ማንነቱ ይጣራል፣ አድራሻው የሚደርሰው ሰዓቱ ሲቃረብ ነበር። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017፣ ሁለተኛው ፌስቲቫል ሲካሄድ ፖሊስ ደረሰበትና ተቋረጠ፤ ተመልካቾቹም ወጡ። ፊልሙ ሳያልቅ መብራት ሲበራ ሰው ምን እንደሚሰማው ቪዲዮ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል። እነዚያ ሰዎች ላይ መብራቱ የበራው ግን መብራት ሄዶ ስለመጣ ወይም ካሴት ስለተጠላለፈ አልነበረም።

ይህን ዓይነት ትጋት ከራሳችን ሰው ታሪክ ጋር አያይዤ ነው የማየው። ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ»ን እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጨርስ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልወሰዱትም፤ ስለ ባርነት፣ ያውም በባሪያው ዓይን የተሠራ ፊልም ገበያ የለውም ተባለ። እሱና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና አዳራሽ ተከራዩ። የጥቁር ማኅበረሰቡ ቤተ ክርስቲያን ለቤተ ክርስቲያን፣ ጓደኛ ለጓደኛ ተጠራርቶ መጣ፤ ከተማ ለከተማ እየዞሩ አሳዩት፣ አዳራሾቹም ሞሉ። ዋሽንግተን ውስጥ ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለው ሳንኮፋ የመጻሕፍት ቤት የቆመው ከዚህ በኋላ ነው። ኃይሌ የኩዊር ፊልም ሠሪ አይደለም፤ ነገር ግን በር የተዘጋበት ታሪክ ተመልካቹን ራሱ እየሄደ እንደሚያገኘው ለአፍሪካ ፊልም ሠሪዎች ያሳየ የጎንደር ልጅ ነው። የማኅበረሰብ ማሳያ የሚባለው ሁሉ በዚያ መንገድ ይሄዳል። ልክ እንደ እድር ነው፤ የሚያቆመው ሕንፃ ሳይሆን የመጣው ሰው ነው።

«ዳካን»ን ያየሁት ብቻዬን ነው፣ በስልክ፣ ድምፁን ቀንሼ። ጊኒያዊው ሞሐመድ ካማራ እ.ኤ.አ. በ1997 የሠራው ነው፤ በምዕራብ አፍሪካ በዚህ ጉዳይ ላይ የተሠራ የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት ፊልም ተብሎ ይጠራል። ቀረጻው ላይ ተቃውሞ ተነሥቶበታል፤ መንግሥትም እረዳለሁ ያለውን ገንዘብ አንሥቷል። ዳካን በማንዲንካ ዕጣ ፈንታ ማለት ነው። ማንጋና ሶሪ የሚባሉ ሁለት ተማሪዎች ይዋደዳሉ። የማንጋ እናት ስታውቅ ልጇን ወደ ባህል ሐኪም ትወስደዋለች።

ስልኩን እዚያ ላይ አቁሜ ጥቂት ተቀመጥኩ። እኔ የማውቃት እናት ጠበል ነበር የወሰደችው። ልጁ እንደኛው የዋግ ልጅ ነው፣ ዝምተኛ፣ ለእናቱ ውኃ የሚቀዳ። ምን እንደሆነ ማንም በስሙ አልጠራውም፤ ስም ስላልነበረው «ያ ነገር» ተባለ። ሰነበተ፣ ተጠመቀ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። እናቱ ልጇን አትጠላም ነበር፤ ነፍሷን ትሰጠዋለች። ካማራ በፊልሙ ያሳየው ይህንኑ ነው። የማንጋ እናት ክፉ አይደለችም፤ ከልቧ ትለፋለች፤ ልጇም ለእሷ ሲል ይሞክራል። ያቺ እናት ፊልሙን ብታይ የራሷን ፊት ታገኘው ነበር። ብቻዬን ማየቴ ያን ጊዜ ከበደኝ። ዛሬ ፊልሙን ማግኘት አይቸግርም። የብሪቲሽ ካውንስልም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በየመጋቢቱ አምስት አጫጭር ፊልሞችን በኢንተርኔት ለዓለም ሁሉ በነጻ ይለቃል፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን ሰቆጣም ይደርሳል። ስልክ ፊልሙን ያመጣል። አጠገብ የሚቀመጠውን ሰው ግን አያመጣም።

አንድ ጊዜ፣ ከአገር ውጭ፣ አንድ ሳሎን ውስጥ እንዲህ ያለ ማሳያ አግዣለሁ። ጥሪው አንድ መስመር ነበር፦ «ቅዳሜ ቡና አለ።» የመጣ ሁሉ ጫማውን በር ላይ፣ ስልኩን መሶብ ውስጥ አስቀመጠ። ቄጤማ ተጎዝጉዟል። ነጭ ጨርቅ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ተሰቅሏል። ፊልሙ ራፊኪ ነበር፤ የግርጌ ጽሑፉን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ።

ሥራው ይቀለኛል ብዬ ነበር የጀመርኩት። ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ተቀላቅሎ ነው የሚነገረው፤ አማርኛው ደግሞ አፌ ላይ ነው። ነገር ግን ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ተያዝኩ። እኛ ለእነዚህ ሰዎች ያለን ቃል ሁለት ዓይነት ነው፤ ከሕግ መጽሐፍ የመጣው «ግብረ ሰዶም» እና ከመንገድ የመጣው ስድብ። ጨዋ የሆነው «የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ» ሦስት ቃል ነው። ሁለት ሰከንድ የማትቆይ መስመር ላይ አይገባም፤ ቢገባም አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላት የምትመስል ልጅ አፍ ላይ አይቀመጥም። ማንም ሰው በፍቅር ሰዓት እንደ ሪፖርት አይናገርም።

ከዚያ ደግሞ ፊደሏ መጣች። እንግሊዝኛ «እወድሻለሁ»ንም «እወድሃለሁ»ንም በአንድ ዓይነት ቃል ይናገራል፤ የሚወደደው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ማለፍ ይቻላል። አማርኛ አያሳልፍም። ሃ ወይም ሻ፤ መምረጥ ግድ ነው። ተናጋሪው ሴት ይሁን ወንድ ቃሉ አይነግርህም፤ የተነገረለትን ግን ያጋልጣል። በእኛ ቋንቋ እንዲህ ያለ ፍቅር የሚደበቅበት ቦታ አንድ ፊደል እንኳ የለውም። በአማርኛ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዘፈን ሲሰማ በሆዱ ሃውን ወደ ሻ፣ ሻውን ወደ ሃ እየለወጠ የኖረ ሰው አለ። ሳሎን ውስጥ ያቺ መስመር ስትመጣ፣ ሴት ልጅ ለሴት ልጅ «እወድሻለሁ» ስትል፣ ነጭ ጨርቅ ላይ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ ሲታይ፣ ሲኒ የሚያጥበው ሰው እጁን አቆመ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት እንግዳ ቃሉን በለሆሳስ ደገመችው። ማንም ዞሮ አላያትም።

ትርጉሙን ስሠራ አንድ ሌላ ነገር አስተዋልኩ፤ ከዚያ ወዲህ አልተወኝም። አማርኛ ከተናጋሪው ውጭ ባለ ነጠላ ሰው ላይ ፆታ የሚተወው አንድ ቦታ ላይ ነው። አንተ እና አንቺ ይለያያሉ፤ እሱና እሷ ይለያያሉ፤ «አንቱ» ሲሆን ግን ሁሉም አንድ ይሆናሉ። «እሳቸው መጡ» ሲባል ወይዘሮ ይሁኑ አለቃ አይታወቅም። ዋግ ውስጥ ለአያቴም ለመምሬም የሚነገረው ያው አንቱ ነበር። ቋንቋችን ሰውን ሲያከብር ወንድ ነህ ሴት ነሽ ብሎ መጠየቅ ያቆማል። ይህን ያስተማረን የውጭ ሰው የለም።

ተዋሕዶ በጸናበት አገር ይህ ሁሉ የሚሆን ነው ወይ የሚለኝ አለ። ጆርጂያን ነው የማሳየው። እንደኛ ጥንታዊ የኦርቶዶክስ አገር ናት፣ እንደኛ በጭፈራዋ የምትኮራ። ሌቫን አኪን እ.ኤ.አ. በ2019 «ከዚያም ጨፈርን» የተባለውን ፊልም እዚያ ሠራ፤ በባህል ጭፈራ ቡድን ውስጥ ያለ ወጣት አዲስ የመጣውን ተወዛዋዥ ሲያፈቅር የሚያሳይ ነው። አሠልጣኙ የጆርጂያ ጭፈራ በወንድነት ላይ የቆመ ነው ይላቸዋል። ጭፈራውን ያቀናበረው ሰው ፈርቶ ስሙን ፊልሙ ላይ አላስጻፈም። ቤተ ክርስቲያኗ አወገዘችው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2019 ትቢሊሲ ላይ ሲታይ ተቃዋሚዎች ሲኒማ ቤቱን ሰብረው ሊገቡ ሞከሩ፣ ፖሊስ ቆመ፣ ትኬት የያዘው ሰው በመካከል አልፎ ገባ። ሦስት ቀን ብቻ ታየ። ወጣቱ ግን ሲጨፍር የሚታየው ጭፈራ የአያቶቹ ነው። እስክስታችን ውስጥም ትከሻ ሲሰበር ማን የማን እንደሆነ የሚያጣራ የለም፤ አገሩ ሲጠራ ሁሉም ይወርዳል።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸመውን ድርጊት ቀድሞ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 600 ይቀጣ ነበር፤ ዛሬ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በቀላል እስራት ይቀጣዋል። ከሕጉ ይልቅ የሚያስፈራው ሰዉ ነው። በ2004 ዓ.ም.፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2011፣ አዲስ አበባ ላይ ከተካሄደው የአፍሪካ የኤድስ ጉባኤ ቀደም ብሎ ከወንዶች ጋር ግንኙነት ያላቸውን ወንዶች ጤና የሚመለከት ስብሰባ ሊደረግ ሲል የሃይማኖት መሪዎች ተቃውመው ተነሡ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ አንድ የአሜሪካ አስጎብኚ ድርጅት የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መንገደኞችን ይዞ ላሊበላን ሊያሳይ ማቀዱ ሲሰማ አገር ተንጫጫ። ላሊበላ ለእኛ ጎረቤት ናት፣ ከሰቆጣ ወደ ደቡብ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ አስተዳደር በሆቴሎችና በመጠጥ ቤቶች ላይ እርምጃ እየወሰደ መሆኑን አስታወቀ፤ በዚያው ሰሞን ቲክቶክ ላይ የሰዎች ፎቶና ስም እየተለጠፈ ደብድቧቸው የሚል ጥሪ ይተላለፍ ነበር። ይህን አደባባይ ካወጡት አንዱ በስደት ያሉ ኢትዮጵያውያን የመሠረቱት «ሃውስ ኦፍ ጉራማይሌ» ነው። ስሙን እወደዋለሁ። ጉራማይሌ እናቶቻችን ድዳቸው ላይ የሚነቀሱት ንቅሳት ነው፤ አንዱ ጠቁሮ አንዱ ሳይነቀስ፣ በመፈራረቁ የሚያምር።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሰቆጣ ላይ ራፊኪን አሳዩ ብዬ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። የሚመጣው ሰው በሰላም ቤቱ መግባት አለበት። ዋግ በራሱ ብዙ ችሏል፤ በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ወገን ሰቆጣ ላይ በሸራ ስር ከርሟል። ሰው ማታ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ ፊልም የሚያይበት ዘመን ራሱ ናፍቆናል።

የማሳየውን ግን አውቀዋለሁ። ያሬድ ዘለቀ የሠራው «ላምብ» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። ስለ ተመሳሳይ ፆታ ፍቅር አይደለም። ኤፍሬም የሚባል የ9 ዓመት ልጅ እናቱ ትሞትበታለች፤ አባቱ ተራራ ላይ ያሉ ዘመዶቹ ቤት ትቶት ይሄዳል። ያለችው አንዲት በግ ናት። አጎቱ ለመስቀል ትታረድ ይላል። ልጁ የሚችለውና የሚወደው ሥራ ደግሞ ወጥ መሥራት ነው፤ አጎቱ ይህን ሲያይ ይቆጣል፣ የሴት ሥራ ነውና። ኤፍሬም ሳምቡሳ እየጠበሰ ገበያ ይሸጣል፣ በጓን ለማዳን። በእኛ አገር ለእንዲህ ያለ ልጅ የተዘጋጀ ቃል አለ፤ ሴታሴት። ኳስ ለምትወድ ሴት ልጅም ወንዳወንድ። ሁለቱም ቃላት ስንቱን ልጅ ከጨዋታ እንዳስወጡ እኔ አውቃለሁ፤ ስባልም ሲባሉም ሰምቻለሁ።

የሻደይ ሰሞን ቢሆን ደስ ይለኛል። ነሐሴ 16 ልጃገረዶች የሻደዩን ሣር ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው፣ በየቤቱ እየዞሩ ሲጨፍሩ፣ ዋግ ውስጥ ሴት ልጅ እንደልቧ የምትጮህበት ጊዜ ነው። እርስ በርስ እንዴት እንደሚሞጋገሱ፣ እንዴት እንደሚተቃቀፉ የሰማ ሰው ያቺ ሻ ፊደል አገራችን ውስጥ እንግዳ እንዳልሆነች ያውቃል። በዚያ ሰሞን አንድ ምሽት ሜዳው ላይ አቡጀዲ ይወጠር፤ ጄኔሬተሩ ይነሣ። ወንዶቹ ኤፍሬም ሽንኩርት ሲከትፍ መጀመሪያ ይስቃሉ። ይሳቁ። በጓ ልትታረድ ስትል ግን በቀዳዳው ያየሁት ያ ፊታቸው እንደሚመለስ አልጠራጠርም።

እኔ ፊት ለፊት አልቀመጥም። ፊልሙ ሲጀመር በእጅ ባትሪ መንገድ እያበራሁ ከአቡጀዲው ጀርባ እዞራለሁ። እዚያ ሁልጊዜ የሚቀመጥ አይጠፋም፤ ፊት ለፊት ቦታ የለኝም ያለ፣ ዓለምን በተገለበጠ በኩል ማየት የለመደ። ባትሪውን አጠፋዋለሁ። በጨለማው ወንድ ልጅ ይሁን ሴት ልጅ አይለይም፤ ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ ትንሽ ሰው ብቻ ነው የሚታየኝ። ና አልልም፣ ነይም አልልም። «ኑ፣ በዚህ በኩል ቦታ አለ» እላለሁ።